አራቱን እኅትማማቾች ዳግም ለማንበብ፦ ከጣና ዳር የተጻፈ የክረምት መመሪያ

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሉዊዛ ሜይ አልኮትን «ሊትል ዊመን» በልጅነቷ ያነበበች ሴት ሁሉ ማለት ይቻላል ያነበበችው ከጆ ማርች ጎን ተቀምጣ ነው። ጆ ትጽፋለች፣ ትቆጣለች፣ ቀሚሷን ከእሳት አስጠግታ ታቃጥላለች፣ ፀጉሯን ቆርጣ ትሸጣለች፤ ሦስቱ እኅቶቿ ደግሞ እርሷ እንዳየቻቸው ሆነው ይቀራሉ፤ ሜግ ልብስ የምትወድ፣ ቤዝ መልአክ፣ ኤሚ ቅብጥብጥ። በመጀመሪያ ንባብ እንዲህ መሆኑ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መጽሐፉም የሚጋብዘው ወደዚያው ነው። ሁለተኛው ንባብ ግን ያንኑ መቀመጫ ይዞ ከቀጠለ ትዝታን ከማሞቅ አያልፍም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ በሁለተኛው ንባብ ከጆ ጎን ይነሡና በመጀመሪያው ጊዜ ካልወደዷት እኅት አጠገብ ይቀመጡ። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን በተግባር ለማዋል የሚረዳውን ነው፤ አብዛኛው ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታችን ከሁለት እኅቶቼ ጋር አንድ ክረምት ካደረግነው ንባብ የተገኘ ነው።

የያዙት መጽሐፍ ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ

ልብ ወለዱ የታተመው በሁለት ክፍል፣ በተለያየ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ቦስተን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 በሴፕቴምበር መጨረሻ ሲሆን፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1861 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከጣና በስተምዕራብ ቋራ የተወለዱት ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ገና ስድስት ወር አልሞላም ነበር። ይህን የማነሣው መጽሐፉ ዘመን የሌለው ተረት እንዳይመስለን ነው። ሁለተኛው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል ወጣ። የመጀመሪያው 23፣ ሁለተኛው 24 ምዕራፎች ስላሏቸው ሙሉው መጽሐፍ 47 ምዕራፍ ነው። በእንግሊዝ አገር ሁለተኛው ክፍል «ጉድ ዋይቭስ» ተብሎ ራሱን ችሎ ሲሸጥ ስለ ኖረ፣ ሽፋናቸው ላይ «ሊትል ዊመን» ተብሎ ተጽፎ 23ኛው ምዕራፍ ላይ የሚያበቁ ቅጂዎች ዛሬም ያጋጥማሉ። ከዚህ ሌላ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ተብለው ያጠሩ እትሞች አሉ፤ እነዚህ ታሪኩን ይነግራሉ እንጂ ዳግም ለማንበብ የሚሆን ሥጋ የላቸውም።

በልጅነቴ እጄ የገባው ቅጂ 23ኛው ላይ የሚያበቃው ነበር። ቤዝ ስካርሌት ፊቨር በሚባል ተላላፊ ትኩሳት ታማ ትድናለች፣ አባት ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ይመለሳል፣ ሜግ ትታጫለች፣ መጽሐፉ ያልቃል። ቤዝ በሕይወት እንዳለች አምኜ ስምንት ዓመት ያህል ቆየሁ። ታላቅ እኅቴ ሙሉውን አንብባ ስለ ነበር እውነቱን ታውቅ ነበር፤ እኔም ስለ ቤዝ ባወራሁ ቁጥር ዝም ትለኝ ነበር።

እትሙን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ እናትየዋ ወደ ቤት ስትገባ የተገለጠችበትን ዐረፍተ ነገር ይመልከቱ። በ1868ቱ እትም እናት ወፈር ያለች ሴት ናት፤ በ1880 ገደማ በወጣው፣ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ባጠቃለለው እትም ግን ረዥም ሆናለች። በዚያው እትም የጆ የሠፈር ቋንቋ ተስተካክሏል፣ ሸካራው ሁሉ በሞረድ ታሽቷል። ምርጫ ካለዎት የፊተኛውን ይውሰዱ፤ ወፍራምና ደከም ያለች እናት ለዚህ ታሪክ ከረዥሟ የበለጠ ትስማማለች። መጽሐፉ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ረዥም ጊዜ ስለ ሆነው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከተባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃና በሕጋዊ መንገድ ወደ ስልክ ማውረድ ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ በዝናብ ቀን አብረው የመጥፋት ልማድ ስላላቸው፣ የሚያወርዱት ሰማዩ ሳይጠቁር ቢሆን ይሻላል።

ከማንበብ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ

መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት የሚያስታውሱትን በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ማን ምን እንዳደረገች፣ በየጠቡ ማን ትክክል እንደ ነበረች፣ ማንን እንዳልወደዱ። ገጹን አጥፈው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡት። በንባቡ መካከል አይመልከቱት፤ ጥቅሙ የሚታየው ከጽሑፉ ጋር ሲጋጭ ነውና።

የእኔ ገጽ በአንድ ነገር ክፉኛ አሳፈረኝ። አባት ታሞ እናት ወደ ዋሽንግተን መሄድ በሚያስፈልጋት ጊዜ፣ ጆ ፀጉሯን በ25 ዶላር ሸጣ የመንገዱን ገንዘብ እንዳመጣች ጽፌ ነበር። ልብ ብሎ የሚያነብ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የተጠየቀው ገንዘብ ከአክስት ማርች ተልኮ የጎረቤታቸው ልጅ ሎሪ ይዞት የመጣው ጆ ገና ሳትመለስ ነው። የጆ 25 ዶላር ፍቅር ነው፣ ለአባቷም ምቾት የሚሆን ስጦታ ነው፤ ጉዞውን የቻለው ግን የዚያች ተጨቃጫቂ አሮጊት ገንዘብ ነው። በልባችን የቀረው ፀጉሩ ነው፤ አክስት ማርችን ማንም አያስታውሳትም። እኅቶቼም ገጻቸው ላይ እንደ እኔው ጽፈው ስለ ነበር ስሕተቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑ አጽናናኝ።

ጊዜውን መመደብ

ባሕር ዳር በበጋ ለረዥም ንባብ አትመችም፤ ሠርግ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ማታ ማታ ሁሉም ሰው ሐይቁ ዳር ነው። የማርች ልጆች ታሪክ ከገና ተነሥቶ እስከ ሚቀጥለው ገና የሚሄድ፣ በበረዶ ተከብቦ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ነው፤ በእኛ አገር ሰውን ቤት የሚያስቀምጠው ክረምት ነው። ስለዚህ 23ቱን ምዕራፎች በሐምሌ ያንብቡ፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ቢያነቡ ለሰርክ ጉዳይ የሚሆን ሰባት ቀን ይተርፋል። ነሐሴ አንድ ላይ ያቁሙ። ፍልሰታን ጾመው ሲጨርሱ ነሐሴ 16 ሁለተኛውን ክፍል ይጀምሩና፣ ከጳጉሜን ጋር ሲቆጠር፣ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀናት ያበቃሉ።

መካከል ላይ ማረፉ ለጾሙ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ሁለተኛውን ክፍል ከስድስት ወር በላይ ጠብቀዋል፤ በዚህ ጊዜም ልጃገረዶች ለደራሲዋ እየጻፉ ማን ማንን እንደምታገባ ይጠይቋት ነበር። አልኮት በማስታወሻዋ ላይ ማንንም ለማስደሰት ብላ ጆን ለሎሪ እንደማትድራት በቁጣ ጽፋለች። ሁለተኛው ክፍል ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ እልኸኛ መልስ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ሳያርፉ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ መልሱን ያለ ጥያቄው እንደ መስማት ነው። በዕረፍቱ ሁለት ሳምንት ከእኅቶችዎ ጋር ይከራከሩ፤ ማን ለማን እንደሚገባ ይወራረዱ።

ጮክ ብለው የሚያነቡ ከሆነ ጠዋት ይሻላል። ከቀትር በኋላ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር እንኳን ቤዝ ጆም አትሰማም። አንድ ምዕራፍ አርባ ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ቡናው ሲቆላ ተጀምሮ በረካው ሲጠጣ ያልቃል።

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቢያዘግሙብዎት አይደንግጡ። አልኮት የመጀመሪያዎቹን 12 ምዕራፎች ለአሳታሚዋ ስትልክ እርሱ አሰልቺ ሆነው አገኛቸው፤ እርሷም ተስማማች። በሜይ የጀመረችውን በጁላይ አጋማሽ የጨረሰችው የልጃገረዶች መጽሐፍ ጻፊ ስለ ተባለች እንጂ ወድዳ አልነበረም። በመካከል ያለውን፣ ሎሪ እንግሊዛውያን እንግዶቹን ይዞ በጀልባ ለሽርሽር የሚወጣበትን ረዥም ምዕራፍ ደግሞ ያለ ጸጸት በፍጥነት ይለፉት። እኛ ወደ ዘጌ ስንሻገር በጀልባ ላይ ልናነበው ይዘነው ወጥተን ነበር፤ ጀልባው ዘጌ ሳይደርስ ሁላችንም ወደ ውኃው እንመለከት ነበር።

ከኤሚ ይጀምሩ

መቀመጫ የመለወጡ ሥራ የሚከብደው ኤሚ ላይ ስለ ሆነ ከእርሷ መጀመር ይገባል። ታሪኩ ሲከፈት 12 ዓመቷ ነው፤ ጆ 15፣ ሜግ 16፣ ቤዝ 13 ናቸው። በመጀመሪያ ንባብ የኤሚን ዕድሜ ማንም ልብ አይልም። በሁለተኛው ንባብ በስሟ ጎን «12» እያሉ በእርሳስ ይጻፉ፤ ብዙው ነገር በዚያች ቁጥር ይፈታል።

የሎሚውን ምዕራፍ ይውሰዱ። በኤሚ ትምህርት ቤት በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚ እንደ ገንዘብ ይዘዋወራል፤ በእርሳስ፣ በጨሌ ቀለበት፣ በወረቀት አሻንጉሊት ይለወጣል፣ የወደዷት ትሰጠዋለች፣ የጠሏት ትከለከላለች። ጥምቀት ላይ ሎሚ ሲወረወር ላየ ሰው፣ ፍሬው ከሆድ ይልቅ ለሌላ ጉዳይ እንደሚውል ማስረዳት አያስፈልግም። ኤሚ በእኅቷ ገንዘብ ገዝታ 24 ሎሚ ይዛ ትመጣለች፤ መምህሩ ከልክሎ ስለ ነበር ሁለት ሁለት እያደረገች በመስኮት እንድትጥል ያስገድዳትና መዳፏን ይመታታል። እኔ ይህን በልጅነቴ እየሳቅሁ ነው ያለፍሁት፤ መዳፍ መመታት በእኔም ትምህርት ቤት የዕለት ነገር ስለ ነበር የሚገርም አልመሰለኝም። ዛሬ ሳነበው ዐይኔ የሚቀረው እናትየዋ ላይ ነው፦ ልጇን ደንብ ጥሰሻልና ጥፋት አለብሽ ትላታለች፣ መምታቱን ግን አትቀበልም፤ ከትምህርት ቤቱም ታስቀራታለች። ሁለቱን በአንድ ምሽት መናገር የሚችል ወላጅ ብዙ አላየሁም።

የሚቀጥለው የተቃጠለው ደብተር ነው። ኤሚ ወደ ቲያትር አልወሰዱኝም ብላ ጆ ለዓመታት የደከመችበትን የተረት ጽሑፍ እሳት ውስጥ ትጨምራለች፤ ጆ በደንብ ገልብጣው የቀድሞውን ረቂቅ አጥፍታ ስለ ነበር ሌላ ቅጂ የለም። በዚህ ምዕራፍ ከኤሚ ጎን መቀመጥ ለመጻፍ ለሚመኝ አንባቢ ሥቃይ ነው፤ እኔም አልቻልሁም። መሞከር ያለበት ግን በማግስቱ በሚሆነው ነው። ጆና ሎሪ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ ሊንሸራተቱ ይሄዳሉ፣ ኤሚ ከኋላ ትከተላለች። ሎሪ ከዳር እንዳይርቁ፣ መካከሉ እንደማይታመን ይናገራል። ጆ ትሰማለች፤ ኤሚ እንዳልሰማች ታውቃለች፤ አትነግራትም። በረዶው ይከፈታል።

እዚህ ላይ ለጣና ዳር ሰው ትንሽ ትርጓሜ ያስፈልገዋል። የረጋ ውኃ ላይ መሄድ ምን እንደሚመስል አናውቅም፤ ነገር ግን በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ ተኝቶ ያየ ሰው፣ አረንጓዴ መስክ መስሎ ከሥሩ ጥልቅ ውኃ ያለበት ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ታናሽ እኅትዎ ወደዚያ መስክ ስትሮጥ እርስዎ ከታንኳው ላይ ሆነው እያዩ ዝም ሲሉ ያስቡት። በደብተሩ ጉዳይ የተበደለችው ጆ ናት፤ በወንዙ ላይ ግን ሚዛኑ ተገልብጧል፤ በመጀመሪያ ንባብ ይህን መገልበጥ የማናየው ኤሚ ወዲያው ስለምትወጣና ስለምንረሳት ነው። ያን ዐረፍተ ነገር፣ ጆ የምትሰማበትንና የማትናገርበትን፣ ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ከዚያ በኋላ በሌሊት የሚመጣው ንግግር የመጽሐፉ ልብ ይመስለኛል። ጆ ስለ ቁጣዋ ስታለቅስ እናቷ እርሷም በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እንደምትቆጣ፣ አርባ ዓመት ታግላ ቁጣውን መደበቅ እንጂ ማጥፋት እንዳልቻለች ትነግራታለች። በ12 ዓመቴ ይህን እንደ ምክር አንብቤው አልፌ ነበር። ዛሬ ከዚህ ገጽ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ እንዲመለሱና እናትየዋ የምትናገርበትን እያንዳንዱን ቦታ፣ የምትቆጣ ሴት ቁጣዋን ውጣ እንደምትናገረው አድርገው እንደ ገና እንዲያነቡ እመክራለሁ። የገና ቁርስ ለድኾች ጎረቤቶች እንዲሰጥ ስትጠይቅ፣ ባሏ ሰውን ለመርዳት ብሎ ሀብቱን እንዳጣ ሲነሣ፣ እርሷ ዝም ስትል፤ ሁሉም ቦታ ሌላ ድምፅ አለ።

በሁለተኛው ክፍል ኤሚ ሮም ደርሳ ተሰጥኦዋ እስከዚያ ድረስ መሆኑን ተረድታ ሥዕልን ለመተው ትወስናለች። ይህን ሲያነቡ የደራሲዋ ታናሽ እኅት ሜይ፣ ኤሚ የተቀረጸችባት፣ ሥዕል አለመተዋን ይወቁ። የመጀመሪያውን ክፍል ሥዕሎች የሣለችው ሜይ ነበረች፤ ሥዕሎቹም አልተወደዱም። በ1877 ግን የእርሷ ሥራ ሳሎን በሚባለው የፓሪስ የሥዕል ዐውደ ርእይ ተሰቅሏል። በ1879 በወለደች በጥቂት ሳምንት ሞተች፤ ሕፃኗን ያሳደገቻት ሉዊዛ ናት። ታላቅ እኅት በልብ ወለድ ያቆመችውን ታናሽ እኅት በሕይወት ቀጥላበታለች፤ ከዚህ በኋላ ኤሚን ቅብጥብጥ ማለት ይከብዳል።

ሜግና የገንዘቡ መዝገብ

ለሜግ የሚጠቅመው ዘዴ ቀላል ነው። የማስታወሻ ደብተርዎን የመጨረሻ ገጽ ለገንዘብ ይተዉት፤ መጽሐፉ ውስጥ የዶላር መጠን ባጋጠመ ቁጥር ማን እንዳገኘችው ወይም እንዳወጣችው ይመዝግቡ። በገና ዋዜማ እያንዳንዷ ያላት አንድ ዶላር፤ የፀጉሩ 25፤ ሜግ ካገባች በኋላ ሐር የገዛችበት 50፤ ጆ በውድድር ያገኘችው 100፤ ለመጀመሪያ ልብ ወለዷ የተከፈላት 300። መዝገቡ ሲሞላ ሜግ ልብስ ወዳድ ስለ ሆነች ሳይሆን፣ ከአራቱ መካከል ቤተ ሰቡ ሀብታም የነበረበትን ዘመን በደንብ የምታስታውሰው እርሷ ስለ ሆነች እንደምትመኝ ይገለጣል። የሐሩን ነገር በዚያው ምዕራፍ ካለው ከማርመላታው ጋር ያንብቡት፤ ማርመላታው አልረጋ ብሏት ስታለቅስ ባሏ እንግዳ ይዞ የሚመጣበት ቀን ነው። ባሏ ብሩክ ይባላል፤ ስሙ ለእኛ ጆሮ ጎጃሜ ስለሚመስል ታናሽ እኅቴ በመጽሐፉ ውስጥ ከእርሱ በቀር ዘመድ እንደሌላት ትናገር ነበር።

እርስዎ፣ አንቺ፣ እትዬ

ከእኅት ጋር ጮክ ብሎ ማንበብ ሲሆን አንዷ እንግሊዝኛውን እያነበበች በአማርኛ ትናገራለች፤ ሥራው አድካሚ ነው፤ በየሦስት ገጹ መቀያየር ይገባል። ድካሙ ግን ይከፍላል፤ እንግሊዝኛው የሸፈነውን አማርኛችን እንድንወስን ያስገድደናልና። ኤሚ ሜግን ምን ብላ ትጥራት? በእኛ ቤት ታላቅ እኅት በባዶ ስሟ አትጠራም። እኛ ኤሚ «እትዬ ሜግ» እንድትል ወሰንን፤ ጆ ላይ ስንደርስ ግን «እትዬ ጆ» ማንኛችንም አፍ ላይ አልቀመጥ አለ። ሦስት ዓመት ታላቋ ናት፤ ነገር ግን ኤሚ በሁሉም ገጽ እንደ እኩያዋ ነው የምትገጥማት። የሁለቱ ጠብ ሥሩ ያ መሆኑን ያስተዋልነው ቃል ስናጣ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያለን ከመጨረሻው በፊት ያለው ምዕራፍ ነው። ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ባየር በዝናብ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ለጆ ፍቅሩን ከገለጠ በኋላ፣ በእንግሊዝኛው ተራ አጠራር ፋንታ በጥንቱ፣ በቅርበቱ አጠራር እንድትጠራው ይለምናታል፤ የእንግሊዝኛው አጠራር ቀዝቃዛ ነው ይላታል። የዘመኑ እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን በቶሎ ሊያልፈው ይችላል። በአማርኛ ግን ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው፦ እስከዚያ ገጽ ድረስ «እርስዎ» እያሰኛችሁ ካነበባችሁ፣ ያን ዐረፍተ ነገር ስትደርሱ ጆ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ትላለች። ይህ እንዲሠራ ከመጀመሪያው ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ባየር ከገባበት ገጽ ጀምሮ «እርስዎ»ን አጥብቃችሁ ያዙ፣ አንድም ቦታ አታንሸራትቱት። ጆና ሎሪ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» እና «አንቺ» ይባባላሉ። ጆ ሎሪን ለምን እንደማትቀበለው ለሁለት ሳምንት ስንከራከር ቆይተን፣ ታላቅ እኅቴ መልሱ በዚህ አጠራር ውስጥ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ከሎሪ ጋር የምትሻገረው ርቀት የላትም። እኔ አሁንም አልተስማማሁም፤ ፕሮፌሰሩን አልወደውም።

ቤዝን ለመጨረሻ ያቆዩአት

ቤዝ ኤልሳቤጥ የሚለው ስም ቁልምጫ ናት። ስሟን በፊደላችን «ቤት» ብለው ቢጽፉት ስሕተት አይሆንም፤ ከቤት የማትወጣውን ልጅ «ቤት» ማለት ለእኛ ብቻ የተሰጠ አጋጣሚ ነው። ከእርሷ አጠገብ መቀመጥ የሚከብደው ክፉ ስለ ሆነች ሳይሆን የምትይዘው ነገር ስለሌላት ነው፤ አትመኝም፣ አትጣላም። በሁለተኛው ንባብ እርሷን ከመመልከት ይልቅ እርሷ ባለችበት ክፍል ውስጥ ሌሎቹ የሚያደርጉትን ይመልከቱ።

እናት ዋሽንግተን ሳለች ቤዝ ድኾቹን የሁመል ቤተ ሰቦች አንዳችሁ ጠይቋቸው ብላ እኅቶቿን ትለምናለች። ሜግ ደክሟታል፣ ጆ ጉንፋን አለባት፣ ኤሚ የለችም። ቤዝ ራሷ ትሄዳለች፤ ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ይሞታል፣ በሽታው ይይዛታል። መጽሐፉ ማንንም አይከስስም። ስካርሌት ፊቨር ካዳከማት በኋላ ወደ ቀድሞ ጤናዋ ስለማትመለስ ግን፣ ከዓመታት በኋላ ለሚሆነው መነሻው የዚያ ከሰዓት በኋላ ስንፍና ነው። የደራሲዋ እኅት ኤልሳቤጥ በእውነቱም በ1856 እናታቸው ከምትረዳው ድኻ ቤተ ሰብ ያንኑ በሽታ ይዛ፣ በ1858 በ22 ዓመቷ አርፋለች። አልኮት ይህን የጻፈችው አሥር ዓመት ቆይታ ነው።

40ኛው ምዕራፍ አጭር ነው፤ ለብቻው አንድ ጠዋት ይስጡት፣ ሌላ ምዕራፍ አያስከትሉበት። እኛ ጋ የደረሰው ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ዕለት ነበር፤ ከውጭ ልጆች በዝናቡ ይታጠቡ ነበር። ተራው የእኔ ነበር፤ ታላቅ እኅቴ ግን መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው። ሲያልቅ ለምን በልጅነቴ ዝም እንዳለችኝ ጠየቅኋት። ቅጂሽ ላይ አልሞተችማ፣ አለችና ሁለተኛውን ቡና ለመቅዳት ተነሣች።

ሰባቱን የቀሩትን ምዕራፎች በየቀኑ አንድ አንድ እያሉ ይጨርሱ፤ ከዚያ ያን የታጠፈ ገጽ አውጥተው በሥሩ የተለወጠውን ብቻ፣ ቀን ጽፈው፣ ይጨምሩበት። «ሊትል ሜን» እና «ጆስ ቦይስ» የተባሉትን ተከታዮቹን በዚያው ክረምት አይጀምሩ፤ የጆ ትምህርት ቤት ልጆች ታሪክ ናቸው፣ እኅትማማቾቹ በጠርዝ ላይ ናቸው። ደብተሩንና እርሳስ የተጻፈበትን ቅጂ ለእኅትዎ ይስጡና የእርሷን ይውሰዱ።